መለዋወጫን በወቅቱ መለወጥ ሀብትንም እጅንም ያድናል

በገጠር የልማት ሥራ ውስጥ የእንጨት ሥራ የያዘው ቦታ ከፍተኛ መሆኑ የታወቀ ነው። የተማሪው ዴስክ፣ የጤና ኬላው በርና መስኮት፣ የእህል መጋዘኑ ወለል፣ የዘመናዊው ንብ ቀፎ ሳጥን፣ ሁሉም በመጋዝ የሚያልፉ ናቸው። የገበሬ ማኅበራት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 31 መሠረት ከተቋቋሙበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ዛሬዎቹ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ድረስ፣ አባላት ገንዘባቸውን አዋጥተው በሞተር የሚሠራ ክብ መጋዝ የሚገዙበት ዓላማ አንድ ነው። ይኸውም ባሕር ዛፉን በግንድነቱ በርካሽ ከመሸጥ ይልቅ ጣውላና ሞራሌ አድርጎ ዋጋውን ከፍ ለማድረግ፣ ለአካባቢው የሚያስፈልገውንም ዕቃ ከከተማ ሳይጠብቁ በቅርብ ለመሥራት ነው።

ይሁን እንጂ መጋዝ መግዛት አንድ ነገር ነው፤ መጋዝን ማኖር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። መጋዙ ሥራ ያቆመ ዕለት በማኅበሩ ግቢ የሚሰማው ቃል «ማሽኑ ተበላሸ» የሚል ነው። ነገሩ ቀርቦ ሲመረመር ግን የተበላሸው ማሽኑ ሳይሆን በመዳፍ ላይ የምትቀመጥ ኩሽኔታ፣ የተሰነጣጠቀ ቺንጋ ወይም ጥርሱ ያለቀ ዲስክ ሆኖ ይገኛል። እነዚህ ዕቃዎች ሲፈበረኩም የሚያልቁ ሆነው ነው የተሠሩት። ማለቃቸው ጉዳት አይደለም። ጉዳት የሚሆነው አልቀው ሳለ መጋዙ እንዲዞር ሲደረግ ነው።

መጋዝ በአንድ ቀን አይሞትም። አስቀድሞ ድምፁ ይለወጣል። ቀጥሎ የሚቆርጠው ጣውላ ወገቡ ላይ ይወፍራል፣ ጫፉ ላይ ይቀጥናል። ከዚያም ሞተሩ ከወትሮው ይልቅ ይሞቃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሠራተኛው ለመሪዎች ቢናገር የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ይዞራል አይደለም እንዴ?» የሚል ነው። ይህ መልስ ገንዘብ ያዳነ ይመስላል። በእርግጥ ግን አንዱ ያረጀ ዕቃ ሌላውን ጤነኛ ዕቃ ይዞት እንዲጠፋ ጊዜ መስጠት ነው። የላላ ኩሽኔታ ዘንጉን ይበላል፤ የተበላ ዘንግ ፑሌጃውን ያንገዳግዳል፤ የሚንገዳገድ ፑሌጃ ቺንጋውን ይልጠዋል። በአንዲት ኩሽኔታ ሊያልቅ የነበረው ወጪ ቶርኖ ቤት ደርሶ አዲስ ዘንግ እስከ ማስቀረጽ ይደርሳል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው።

ስለሆነም የማኅበር መሪዎች ባለሙያ ባይሆኑም እንኳ በመጋዛቸው ላይ የሚያልቁት ዕቃዎች የትኞቹ እንደሆኑና የማለቃቸው ምልክት ምን እንደሆነ ሊያውቁ ይገባል። የማያውቁትን ዕቃ ወጪ ማጽደቅም ሆነ መከልከል አይቻልምና።

አንደኛው ዲስኩ ነው። ጥርሱ የደነዘዘ ዲስክ እንጨቱን ያጠቁረዋል፤ ጭስ ጭስ ይላል፤ ሰጋቱራውም ፍርፋሪ መሆኑ ቀርቶ እንደ ዱቄት ይደቃል። ሠራተኛው ከወትሮው ይልቅ በኃይል መግፋት ይጀምራል። በኃይል የሚገፋ እጅ እንጨቱ ድንገት ባለቀ ወይም በተሰነጠቀ ጊዜ የሚያርፈው ዲስኩ ላይ ነው። ጥርሱ ራሱ የዲስኩ ብረት የሆነው ዓይነት በሞረድ ሊሳል ይችላል። ሲሳልም የጥርሶቹ ቁመት እኩል መሆን አለበት፤ ጫፎቻቸውም አንዱ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ በመጠኑ ዘንበል ሊደረጉ ይገባል፤ አለበለዚያ ዲስኩ በገዛ ቁርጡ ውስጥ ይጨነቃል። በጥርሱ ጫፍ ላይ ሌላ ጠንካራ ብረት የተለጠፈበት ዓይነት ግን በሞረድ አይሳልም። ልዩ መሳያ ወዳለበት ከተማ መላክ ይኖርበታል። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ ማኅበር ቢያንስ ሁለት ዲስክ ሊኖረው ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲሳል ሌላው ይሠራልና።

የተሰነጠቀ፣ የተጣመመ ወይም ጥርሱ የወለቀ ዲስክ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የተሰነጠቀውን ብየዳ ቤት ወስዶ ማስበየድ ፈጽሞ ሊሞከር አይገባም። ስፋቱ 400 ሚሊሜትር የሆነ ዲስክ በደቂቃ 2400 ዙር ሲዞር የጥርሱ ጫፍ በሰከንድ 50 ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህም በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት የሚበተን ብረት የት እንደሚያርፍ የሚያውቅ የለም። እንዲህ ያለው ዲስክ ወዲያውኑ ወርዶ ማንም መልሶ እንዳይጠቀምበት ሊቆረጥ ይገባዋል።

ሁለተኛው ኩሽኔታው ነው። ኩሽኔታ ማለቁን ለማወቅ ማሽኑን ማፍረስ አያስፈልግም። ኃይሉ ሙሉ በሙሉ ተቋርጦ፣ ቺንጋው ወርዶ፣ ዘንጉን በእጅ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መነቅነቅ ነው። ቀጭ ቀጭ ካለ ወይም በቀስታ ሲዞር የአሸዋ መንኰራኰት ዓይነት ስሜት ከሰጠ ጊዜው ደርሷል። የላላ ኩሽኔታ ዲስኩ እየዋለለ እንዲቆርጥ ስለሚያደርግ የቁርጡ ክፍተት ይሰፋል። የዚህ ጉዳት በሒሳብ ሲታይ እንደሚከተለው ነው። ስፋቱ 30 ሳንቲሜትር የሆነ የተጠረበ ግንድ 25 ሚሊሜትር ውፍረት ወዳላቸው ጣውላዎች ይሰነጠቅ ቢባል፣ የቁርጡ ክፍተት 4 ሚሊሜትር ከሆነ 10 ጣውላ ይወጣል። ክፍተቱ ወደ 7 ሚሊሜትር ከሰፋ ግን የሚወጣው 9 ብቻ ነው። አሥረኛው ጣውላ ሰጋቱራ ሆኖ መሬት ላይ ቀረ ማለት ነው። ማኅበሩ ለአዲስ ኩሽኔታ አልከፍልም ቢል እንኳ በየግንዱ እየከፈለ መሆኑን ይህ ያስረዳል።

የንብ ቀፎ ለሚሠሩ ማኅበራት ደግሞ ጉዳዩ ከዚህም ይብሳል። በዘመናዊ ቀፎ ውስጥ በፍሬምና በፍሬም፣ በፍሬምና በሳጥኑ ግድግዳ መካከል የሚተወው የንብ መተላለፊያ ከ6 እስከ 9 ሚሊሜትር ነው። ከዚህ ሲሰፋ ንቦቹ ሰፈፍ ይሠሩበታል፤ ሲጠብም በሙጫ ይደፍኑታል። በሁለቱም በኩል ፍሬሙ ከሳጥኑ ጋር ተጣብቆ ማር ቆራጩ ሊያወጣው አይችልም። በሚዋልል መጋዝ የተቆረጠ ቀፎ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚያየው እንግዲህ ቀፎውን የሠራው ማኅበር ሳይሆን፣ አምኖ የገዛው አናቢ ገበሬ ነው።

ኩሽኔታ ሲለወጥ በዘንጉ ሁለት ጫፍ ያሉት ሁለቱም አብረው ቢለወጡ ይመረጣል። አንዱ አዲስ፣ ሌላው አሮጌ ሲሆን አሮጌው አዲሱን ቶሎ ያስረጀዋል። ለመግዛት የሚላከው ሰው «የመጋዝ ኩሽኔታ» ብሎ ሳይሆን በኩሽኔታው ጠርዝ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ይዞ ሊሄድ ይገባዋል። ለምሳሌ 6205 የተባለው ኩሽኔታ የውስጥ ቀዳዳው 25፣ የውጭ ስፋቱ 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊሜትር ነው፤ በየትም አገር ቢሠራ ይኸው ነው። የመጋዝ ቤት ሰጋቱራ የሚበዛበት ስለሆነ በሁለቱም ጎኑ በጎማ የተሸፈነው ዓይነት ይሻላል። ሲገጠምም አዲሱን ኩሽኔታ በቀጥታ በመዶሻ መምታት ገና ከመነሻው ማበላሸት ነው። ወደ ዘንጉ የሚገባው የውስጠኛው ቀለበት ስለሆነ በልኩ የተቆረጠ ቧንቧ በዚያው ቀለበት ላይ አስደግፎ በዝግታ ማስገባት ነው። ግራሶ በሚጨመርባቸውም ላይ መጠኑ ሊታወቅ ይገባል፤ ጢም ብሎ የተሞላ ኩሽኔታ እንዲያውም ይግላል።

ሦስተኛው ቺንጋውና ፑሌጃው ነው። ጎኑ የተሰነጣጠቀ፣ የተላጠ ወይም የሚያንሸራትት ቺንጋ መጋዙን በሥራ መካከል ያስቆመዋል። ቺንጋ በፑሌጃው ላይ መያዝ ያለበት በሁለት ጎኑ ነው እንጂ በሆዱ አይደለም። የፑሌጃው ቦይ ወለል እንደ መስተዋት ካብለጨለጨ ወይ ቺንጋው ወይ ፑሌጃው ተበልቷል ማለት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ቺንጋ ጎን ለጎን በሚሠሩበት መጋዝ ላይ አንዱ ቢበጠስ ሁሉም አብረው ይለወጣሉ። ይህ ለብዙ መሪዎች ብክነት ይመስላቸው ይሆናል። ዳሩ ግን አሮጌዎቹ ስለ ተለጠጡ አዲሱ ብቻውን ሸክሙን ሁሉ ይሸከምና ቶሎ ይበጠሳል። የቺንጋው ውጥረት ደግሞ በአውራ ጣት ይለካል። በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል ያለው ርቀት 1 ሜትር ከሆነ በመካከሉ ሲጫኑት ወደ 16 ሚሊሜትር ያህል መርገብ አለበት። አዲስ ቺንጋ ሥራ በጀመረ በማግስቱ ስለሚረግብ እንደገና ሊወጠር ይገባል።

ፑሌጃ ሲለወጥ የሚሠራ አንድ ከባድ ስሕተት አለ። ይኸውም በልኩ ያልሆነውን፣ የተገኘውን መግጠም ነው። በደቂቃ 1450 ዙር የሚዞር ሞተር 200 ሚሊሜትር ፑሌጃ ይዞ 120 ሚሊሜትር ፑሌጃ ያለውን የመጋዝ ዘንግ ቢነዳ ዲስኩ በደቂቃ 2400 ዙር ገደማ ይዞራል። በ120ው ፈንታ የ80 ሚሊሜትር ፑሌጃ ቢገጠም ግን ዙሩ ከ3600 በላይ ይሆናል። መጋዙ ፈጠነ ተብሎ ይደሰቱበት ይሆናል፤ ዲስኩ ግን ከተሠራበት ልክ አልፎ ወደ መሰንጠቅ እየሄደ ነው። በዲስኩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ የዙር ቁጥር ለጌጥ የተጻፈ አይደለም።

አራተኛውና በብዙ ቦታ የሚረሳው መከለያውና ከዲስኩ ኋላ የሚቆመው መለያ ብረት ነው። የሚረሳበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ኩሽኔታ ሲያልቅ መጋዙ ይቆማል፤ መከለያ ሲሰበር ግን መጋዙ ይሠራል። እንዲያውም ያለ እርሱ ሥራው የቀለለ ይመስላል። ሆኖም በአገራችን ገጠር በመጋዝ ላይ የሚወጣው እንጨት በአብዛኛው ባሕር ዛፍ መሆኑ ሊታሰብ ይገባል። ባሕር ዛፍ ሲያድግ በግንዱ ውስጥ ውጥረት ይዞ ስለሚያድግ ገና ሲሰነጠቅ ይጣመማል፤ ቁርጡም ከኋላ ተመልሶ ዲስኩን ይጨብጠዋል። በዚህ ጊዜ ወደ ላይ የሚወጡት የኋላ ጥርሶች እንጨቱን አንሥተው ወደ ሠራተኛው ይወረውሩታል። ይህን የሚከለክለው ያ መለያ ብረት ብቻ ነው። ውፍረቱ ከዲስኩ ገላ በመጠኑ የሚበልጥ፣ ከቁርጡ ክፍተት ግን የሚያንስ፣ ከጥርሶቹም ከ8 ሚሊሜትር ያልራቀ መሆን አለበት። ዲስኩ በተለወጠ ቁጥርም ከአዲሱ ዲስክ ጋር መስማማቱ ይታያል። ጎብጦ ወይም ተሰብሮ እንደ ሆነ ሳይለወጥ አንድም እንጨት ሊቆረጥ አይገባም።

ዕቃዎቹን በመለወጥ ሥራ ላይ ያለው ጥንቃቄ ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል። መጋዝ የሚፈታው ማጥፊያው ስለ ተነካ ብቻ አይደለም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ዋናው ማቋረጫ ወርዶ ይቆለፍና ቁልፉ በሚፈታው ሰው ኪስ ይገባል። መብራት ጠፍቶ ሳለ መጋዝ መፍታት ከሁሉ የከፋ ነው፤ መብራቱ የሚመለስበትን ደቂቃ ማንም አያውቅምና። በናፍጣ ሞተር ወይም በትራክተር የሚሠራ ከሆነ ሞተሩ ጠፍቶ ቺንጋው ይወርዳል። ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ቆሞ ካልሆነ በቀር በእንጨት ተጭኖ አይቆምም። ዲስኩን የያዘው ዳዶ በብዙ መጋዞች ላይ የሚፈታው ዲስኩ ወደሚዞርበት አቅጣጫ ስለሆነ፣ ይህን ሳያውቁ በተቃራኒው መታገል ጥርሱን ያበላሻል። ዲስኩን ግራና ቀኝ የሚይዙት ክብ ብረቶችም ከሰጋቱራና ከሙጫ ሳይጸዱ አዲሱ ዲስክ ቢታሰር ገና ከጅምሩ ይዋልላል።

ይህ ሁሉ ሥራ የባለሙያው ነው። የመሪዎቹ ሥራ ደግሞ ገንዘቡ ነው። በዚህ ረገድ መታረም ያለበት አንድ የሒሳብ ስሕተት አለ። ማኅበሩ ከጣውላ ሽያጭ ያገኘው ገንዘብ ከደመወዝ፣ ከግንድ ዋጋና ከኃይል ወጪ በኋላ የተረፈው ሁሉ ትርፍ ነው ተብሎ ለአባላት ሲከፋፈል ይታያል። ሆኖም በዚያ ገንዘብ ውስጥ የዲስኩ ማለቅ፣ የኩሽኔታው ማርጀት፣ የቺንጋው መላጥ አለ። እርሱን ሳይቀንሱ መከፋፈል ትርፍ መከፋፈል ሳይሆን መጋዙን ቆራርሶ መብላት ነው። ለዘር የተቀመጠውን እህል በክረምት የበላ ገበሬ በመስክ ላይ የሚገጥመውን የማያውቅ የማኅበር መሪ የለም። የመጋዝ መለዋወጫ ገንዘብም የመጋዙ ዘር ነው። ስለዚህ ትርፍ ከመታሰቡ አስቀድሞ ከእያንዳንዱ የሥራ ቀን ገቢ የተወሰነ ገንዘብ ለመለዋወጫ ተነሥቶ በተለየ ሒሳብ ሊቀመጥ ይገባል። መጠኑን ለመወሰን አስቸጋሪ አይደለም። ባለፈው ዓመት የተለወጡት ዕቃዎች ዋጋ ተደምሮ መጋዙ ለሠራባቸው ቀናት ቢካፈል የየቀኑ ድርሻ ይገኛል።

ከዚህም ጋር ዕቃውን አስቀድሞ ገዝቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው መጋዙ ቢቆምና ቺንጋ ፍለጋ ሰው ወደ ከተማ ቢላክ፣ የሚከፈለው የቺንጋው ዋጋ ብቻ አይደለም። የትራንስፖርቱ፣ የቆመው ሠራተኛ ደመወዝና የዘገየው ዴስክ አብረው ይከፈላሉ። አንድ ዲስክ፣ ሁለት ኩሽኔታ፣ አንድ ጥንድ ቺንጋና ጥቂት ብሎንና ሮንዴላ በማኅበሩ ዕቃ ቤት በደረቅ ቦታ ሊቀመጡ ይችላሉ። ኩሽኔታው እስከሚገጠምበት ቀን ድረስ ከመጠቅለያው አይወጣም፤ ቺንጋውም ከፀሐይና ከዘይት ይራቅ። መቼ ምን እንደ ተለወጠ፣ ቁጥሩ ስንት እንደሆነና ማን እንደ ለወጠው የሚጻፍበት አንድ ደብተር በመጋዙ አጠገብ ይኑር። ሠራተኛው ቢለወጥ ደብተሩ ይቀራልና።

አንዳንድ ማኅበራት አቅማቸው ውሱን መሆኑ አይካድም። ሁሉም ዕቃ በአንድ ጊዜ ይለወጥ ማለት አይቻል ይሆናል። ቢሆንም ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። ሰውን የሚጎዳው ይቀድማል፤ ማሽኑን የሚጎዳው ይከተላል፤ ሥራውን የሚያጓትተው በመጨረሻ ይመጣል። የተሰነጠቀ ዲስክና የተሰበረ መከለያ ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ የሚጠበቅላቸው ጉዳዮች አይደሉም። ገንዘቡ ከሌለ መጋዙ ይቁም። መጋዙ ቢቆም የሚዘገየው ጣውላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ቢሆን አሠሪ የሆነ ሁሉ የሠራተኛውን ደኅንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያዛል።

በመጋዙ አጠገብ የሚቆመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ገበሬ ወይም የገበሬ ልጅ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። በመጋዝ ላይ የጠፉ ሁለት ጣቶች በመጋዝ ቤት ብቻ አይጎድሉም። እርፍ ሲጨበጥ፣ ማጭድ ሲያዝ፣ በሬ ሲጠመድ ይጎድላሉ። ማኅበሩ ለዲስክ የነፈገውን ገንዘብ ያ ቤተሰብ ዕድሜ ልኩን ሲከፍለው ይኖራል። ይህን ዕዳ የሚመልስ የትርፍ ክፍፍል ደግሞ የለም።

ስለሆነም የመጋዝ ባለቤት የሆኑ ማኅበራት መሪዎች በሚቀጥለው ስብሰባቸው አጀንዳ ላይ የመጋዙን መለዋወጫ ጉዳይ ቢያውሉት ብዙ ይጠቀማሉ። ከስብሰባው በፊትም መሪዎቹ ወደ መጋዝ ቤቱ ሄደው፣ ኃይሉን አቋርጠው፣ ዘንጉን በእጃቸው ነቅንቀው፣ ቺንጋውን ተጭነው፣ መከለያውና መለያ ብረቱ በቦታቸው መኖራቸውን በዓይናቸው አይተው ይመለሱ። ሠራተኛውንም ድምፁ ከመቼ ጀምሮ እንደ ተለወጠ ይጠይቁት። ከአባላቱ ፊት የሚያቀርቡት የወጪ ጥያቄ ከዚያ የተነሣ እንደ ሆነ ለማጽደቅ የሚያመነታ አባል አይኖርም።